የሰፈራችን የመንግስት አንደኛ ደረጃ ት/ቤት፦ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳ

ስለዚህ ት/ቤት ሰው ሲጠየቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ "ውጤቱ መካከለኛ ነው"። ከዛ ወሬው ያልቃል። አዲስ ሰፈር የገባ ወላጅ ይጠይቃል፣ የፈተና አማካይ ይነገረዋል፣ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ በቃ። እኔ ሁለት ልጆች እዛ አሉኝ፣ ትልቋ 3ኛ ክፍል ነች ትንሹ 1ኛ፣ እና ይሄ ነገር በጣም ስለሚቆጨኝ ነው ረዘም አድርጌ ልፅፍ የተነሳሁት። ት/ቤቱ ምንም አይወጣለትም እያልኩ አይደለም፣ የሚያናድዱኝ ነገሮች አሉ እነሱንም አልደብቅም፣ ግን ሰው የሚመዝንበት ነገር ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ውጤቱ ላውራ። የአንድ ት/ቤት አማካይ ውጤት በአብዛኛው የሚነግራችሁ ምን አይነት ልጆች እንደገቡ ነው፣ ት/ቤቱ ምን እንደጨመረላቸው ከሱ አታገኙም። ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም፣ በ1966 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ኮልማን የሚባል ሶሲዮሎጂስት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ ያወጣው ሪፖርት ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር፣ ምክንያቱም በተማሪዎች ውጤት መሃል ያለውን ልዩነት ከህንፃውና ከቁሳቁሱ ይልቅ የልጁ ቤተሰብ ሁኔታ ነው የበለጠ የሚያስረዳው አለ። ከዛ ወዲህ ብዙ ተከራክረውበታል፣ አስተማሪ ለውጥ እንደሚያመጣም በኋላ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል፣ ግን ዋናው ነገር እስካሁን ይሰራል፦ ቤቱ መፅሀፍ ያለው፣ ማታ የሚያስጠናው ሰው ያለው ልጅ የትም ቢገባ ደህና ያመጣል። እዚህ ት/ቤት ደግሞ ምርጫ የለም ማንም ይገባል፣ ኬጂ ያልረገጠ ልጅ ይገባል፣ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚያወራ ልጅ ይገባል፣ በአመቱ መሃል ከሌላ ቦታ የመጣ ልጅ ይገባል። የመግቢያ ፈተና ሰጥቶ ጎበዝ ጎበዙን ከሚለቅም ት/ቤት ጋር አማካዩን ማወዳደር ፌር አይደለም።

ስለዚህ እኔ የማየው ልጁ ሲገባ የት ነበር አሁንስ የት ደረሰ የሚለውን ነው፣ በተለይ ከኋላ የቀረውን ልጅ። ጎበዙማ ማንኛውንም ት/ቤት ጥሩ አስመስሎ ያሳያችኋል።

እና እዚህ ጋ ነው ይሄ ት/ቤት እኔን ያሸነፈኝ። ንባብ። የ2ኛ ክፍሏ ቲቸር (ልጄን ያስተማረቻት ነች፣ አሁንም እዛው ክፍል ናት) ጠዋት ላይ ልጆቹ መልመጃ ሲሰሩ አንድ አንድ ልጅ ወደ ጠረጴዛዋ እየጠራች ታስነብባለች። አንድ ቀን ልጄን አርፍዳ ሳደርሳት በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ መፅሀፉን ሲከፍት ስዕሉን በእጇ ሸፈነችው፣ ከስዕሉ እያየ እንዳይገምት። ከዛ ገና ያልተማሩትን ገፅ አወጣችለት። ለምን መሰላችሁ፣ በዚህ እድሜ ብዙ ልጆች መፅሀፉን በቃላቸው ይዘውት ነው "የሚያነቡት"፣ አፉ ሶስተኛ መስመር ላይ ደርሷል ጣቱ ግን ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፣ ወላጅ ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ ሲሰማ ልጄ አነበበ ብሎ ደስ ይለዋል። ልጁ አንድ ረዘም ያለ ቃል ላይ ሲቆም አልነገረችውም፣ ዝም ብላ ጠበቀችው፣ ከዛ የቃሉን መጨረሻ በጣቷ ከልላ መጀመሪያውን አስነበበችው፣ ከዛ ጣቷን ትንሽ ፈቀቅ፣ ከዛ ሙሉውን። ወጣለት። ትንሽ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ፅፋ "ጎበዝ፣ ሂድ ስራህን ጨርስ" አለችው። ሁለት ሶስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግን ያ ልጅ የት ጋ እንደሚደናቀፍ እሷ በትክክል ታውቃለች።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአለም ባንክ በ2019 ያወጣው ስሌት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች ካሉ ልጆች 53 በመቶ የሚሆኑት 10 አመት ሆኗቸው እንኳን ቀላል ፅሁፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ይላል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ እና አብዛኞቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው፣ ዩኒፎርም ለብሰው ቦርሳ ይዘው ስም ጥሪ ላይ "አቤት" እያሉ። ክፍል ተዛውረው ይሄዳሉ ግን አያነቡም። 4ኛ ክፍል ላይ ሳይንስም ሂሳብም ሁሉም በንባብ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ያላነበበ ልጅ ሰነፍ ይባላል።

ቤት ውስጥ ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ፣ ህንድ ውስጥ አሰር የሚባለው የዳሰሳ ጥናት ከ2005 ጀምሮ እያደረገ ያለው እሱኑ ነው፣ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ለልጁ ፊደላት፣ ከዛ ቃላት፣ ከዛ አጭር አንቀፅ፣ ከዛ የ2ኛ ክፍል ደረጃ የሆነች ታሪክ ይሰጡታል፣ የቱ ጋ እንደሚቆም ያያሉ፣ አለቀ። ጋዜጣ ላይ ያለ ቀላል አረፍተነገርም ቢሆን ይሰራል፣ ዋናው ልጁ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ይሁን፣ እና አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዳነበበ በራሱ አፍ ይንገራችሁ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሞክሬዋለሁ፣ ከዚህ ት/ቤት የሆኑት 3ኛ ክፍል ላይ ያነባሉ። ሁሉም አሪፍ አድርገው አይደለም፣ ግን ያነባሉ፣ የሚነግሯችሁም ያነበቡትን ነው። ክፍያ ያለበት ት/ቤት የሚማር ልጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ዜማ ባለው ድምፅ አንብቦልኝ ምን ማለት ነው ስለው ዝም ብሎ አየኝ። አንድ ልጅ ሁሉንም አይወክልም ይገባኛል፣ ግን ወላጅ የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ንባብ የከበዳቸውን ደግሞ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ከ2ኛም ከ3ኛም ክፍል አውጥተው አንድ ላይ ሰብስበው ያስተምሯቸዋል፣ በእድሜ ሳይሆን በችሎታ ማለት ነው። ይሄ አካሄድ ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት ያስፋፋው ነው፣ በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ካሸነፉት መሃል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ደጋግመው ፈትሸውት ልጆቹ እንደሚሻሻሉ አሳይተዋል። እዚህ ያሉት አስተማሪዎች ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኩም፣ ምናልባት ቸግሯቸው ራሳቸው ያመጡት መላ ነው። ብቻ እየሰሩት ነው። ልጆቹ "የደካሞች ክፍል" እንዳይሉት ደግሞ የንባብ ክበብ ነው የሚሏቸው፣ ደስ የሚል ነገር ነው።

አሁን ወደ ደብተር። ት/ቤት ለማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ የመካከለኛ ልጅ ደብተር ለምኑና ገልጡ፣ የአንደኛውን አትዩ። እኔ ሁለት አይነት አይቻለሁ እዚሁ ግቢ ውስጥ። የልጄ የሂሳብ ደብተር ላይ መቀነስ ተሳስታ ከስሩ በቀይ "ከአስር ቤት መበደርሽን ረሳሽ፣ ቁጥር 3ን እንደገና ስሪ" ይላል፣ ቀጥሎ እንደገና ሰርታዋለች፣ ከስሩ ራይት አለ። ስህተቱ ታየ፣ ምክንያቱ ተነገራት፣ አስተካከለች፣ ተመልሶ ታረመ። የጎረቤቴ ልጅ ደብተር ደግሞ (4ኛ ክፍል፣ ሌላ አስተማሪ) ከዳር እስከዳር ራይት ነው፣ ፅሁፉ ያምራል፣ ግን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ከሰሌዳ የተገለበጠ ኖት ላይ ነው ራይቱ የተደረገው፣ ልጁ ሲገለብጥ ግማሽ አረፍተነገር ዘሎ እሱም ራይት ተደርጎበታል። ማንም አላነበበውም ማለት ነው። ይሄን ለክፍል ኃላፊው ነግሬያለሁ፣ የልጆቹ ብዛት ነው አለኝ፣ ብዛቱ እውነት ነው ግን የልጄ ቲቸርም የያዘችው ያንኑ ያህል ልጅ ነው።

ማርክ ብቻ መስጠትም ያው ነው። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ በ1988 ያሳተመችው ጥናት አለ፣ አንዳንዶቹ ተማሪዎች ማርክ ብቻ፣ አንዳንዶቹ አስተያየት ብቻ፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ተሰጣቸው፣ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው፣ ሁለቱንም ያገኙት እንኳን እንደነሱ አልተሻሻሉም። ልጅ ማርክ ካየ ሌላውን አያነብማ። ስለዚህ ካርድ ላይ ስንተኛ ወጣ ብሎ ከመጨቃጨቅ ደብተሩን ገልጦ ምን ተብሎ እንደተፃፈለት ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ለመቀመጥ እድሉ ካላችሁ (እዚህ ቀድማችሁ ካሳወቃችሁ ዳይሬክተሯ ትፈቅዳለች፣ ለዚህ ብቻ ግማሽ ኮከብ ይገባታል) አንድ ነገር ቁጠሩ፣ አስተማሪው ጥያቄ ጠይቆ ስንት ሰከንድ ይጠብቃል። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ እየሰማች አጥንታ አስተማሪዎች በአማካይ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ 3 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉት ልጆችም እጅ ማውጣት እንደሚጀምሩ አገኘች። እኔ የገባሁበት ክፍል ውስጥ ቲቸሩ ጥያቄውን ጠይቆ ሲያበቃ እጁን አጣጥፎ ቆመ፣ ፊት ያሉት ሶስት አራቱ "ቲቸር ቲቸር እኔ እኔ" እያሉ ሲዘሉ "ቆዩ፣ ሌላውም ያስብ" አላቸው፣ ከዛ ከኋላ ግድግዳው ጋ የተቀመጠች ልጅ ጠራ፣ ተሳሳተች፣ ማንም አልሳቀም። ማንም አልሳቀም የሚለውን ልብ በሉልኝ። ልጅ ተሳስቶ የማይሳቅበት ክፍል በአንድ ቀን አይፈጠርም፣ አስተማሪው ወሩን ሙሉ ሰርቶበታል ማለት ነው።

እንግዲህ አሁን ወደሚያናድደኝ።

የልጅ ብዛት። አንዳንዱ ክፍል ከ50 በላይ ነው፣ በአንድ ዴስክ ሶስት ሶስት ይቀመጣሉ። ይሄን ማንም ጥሩ ነው አይልም። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ በ79 ት/ቤቶች ከ11 ሺህ በላይ ልጆችን በእጣ ከፋፍለው ከ13 እስከ 17 ልጅ ያለበት ክፍልና ከ22 እስከ 25 ያለበት ክፍል ሲያወዳድሩ ትንሹ ክፍል ውስጥ የተማሩት በንባብም በሂሳብም በልጠው ነው የተገኙት፣ በተለይ የድሃ ቤተሰብ ልጆች። እዛ "ትልቅ" የተባለው 25 ነው እንግዲህ። ይሄ የአስተማሪዎቹ ጥፋት አይደለም፣ ክፍል የሚሰራውና አስተማሪ የሚቀጥረው እነሱ አይደሉም፣ ቢሆንም ልጁ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ያው ስለሆነ ኮከብ ስሰጥ መቁጠር አለብኝ። ቢያንስ ግን ሁሉም ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ሁሌ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ የለም፣ ሰሌዳ አይታየኝም ላለ ልጅ ደግሞ ቤተሰቡን ጠርተው አይኑን አስመርምሩት ይላሉ። የብዙ ልጅ "ስንፍና" መነፅር ብቻ ነው የሚፈልገው።

የአስተማሪ መቅረት። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ባንግላዴሽ፣ ኢኳዶር፣ ህንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፔሩና ኡጋንዳ ውስጥ ሳይነገራቸው ት/ቤቶች ጋ እየሄዱ ሲያዩ በአማካይ 19 በመቶ የሚሆኑት አስተማሪዎች በቦታቸው አልነበሩም ይላል፣ ስለዚህ ችግሩ የአንድ ቦታ አይደለም። እዚህ ታችኛዎቹ ክፍሎች ላይ ጥሩ ናቸው፣ ቲቸር ከቀረ ሌላ ይተካል ወይ ምክትል ዳይሬክተሩ ራሱ ጠመኔ ይዞ ይገባል። ላይኛዎቹ ክፍሎች ላይ ግን ባዶ ክፍለጊዜ አለ፣ አለቃው ፊት ቆሞ የሚረብሹ ልጆችን ስም ይፅፋል፣ 40 ደቂቃ እንዲሁ ያልቃል። ልጃችሁን "ዛሬ ምን ተማርክ" ብላችሁ አትጠይቁት "ምንም" ነው የሚላችሁ፣ "ዛሬ ማን ማን ገባ" በሉት፣ ሁሉንም ይዘረግፍላችኋል።

ሽንት ቤት። እዚህ ጋ ነው ሙሉ አንድ ኮከብ የቀነስኩት። የአለም ጤና ድርጅት መስፈርት ለ25 ሴት ልጆች አንድ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድና ተጨማሪ የቁም መሽኛ ነው የሚለው፣ እዚህ ለዛ ቅርብ እንኳን አይደለም። ቁጥሩ ይቅር፣ ያሉትም ሴቶቹ ጋ በሮቹ መቀርቀሪያ የላቸውም። ልጄ ጠዋት የሞላሁላትን ውሃ ማታ እንደሞላ ይዛው ትመለሳለች። ለምን አልጠጣሽም ስላት "ሽንቴ ይመጣል" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ፀሀይ ላይ ተጫውታ ክፍል ገብታ አዳምጪ ትባላለች። ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ የወር አበባ ሲጀምሩ ምን እንደሚያደርጉ አስቡት፣ በሩን የምትይዝላት ጓደኛ ካላገኘች ቤቷ ትቀራለች። መቀርቀሪያ እኮ ነው፣ ላይብረሪ ይሰራልን አላልንም። ወላጅ ስብሰባ ላይ ሶስት እናቶች ሆነን አንስተናል፣ በጀት ሲመጣ ተባለ፣ እኔ ይሄን መልስ አልቀበለውም፣ ምክንያቱም በዛው ሰሞን የፊት ለፊቱ አጥር ቀለም ተቀብቷል። ት/ቤት ስትመርጡ ቢሮውንና አበባውን አትዩ፣ ቀጥ ብላችሁ የሴቶች ሽንት ቤት ሂዱና በሩ ከውስጥ ይዘጋ እንደሆነ ሞክሩ።

ላይብረሪውን ካነሳሁ አይቀር፣ አለ፣ ትንሽ ነው፣ መፅሀፎቹ ጠርዛቸው ተበልቷል በፕላስተር የተጠገኑ ናቸው፣ ያ ለኔ ትልቅ ፕላስ ነው። የሚያብረቀርቅ መፅሀፍ የተደረደረበት ቁልፍ ያለበት ክፍል ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ኮምፒውተር ክፍሉ እንደዛው የተቆለፈ ነው፣ ስለሱ የምለው የለኝም።

ዱላን በተመለከተ ሰው ይጠይቀኛል። ልጆቼ ተመትተው አያውቁም፣ አንድ አስተማሪ ግን አንድ ልጅ ጆሮ ይዞ ሲጎትት ራሴ አይቻለሁ፣ ዳይሬክተሯ ጋ ወዲያው ገባሁ፣ አላድበሰበሰችውም፣ ልጁንም ወላጁንም አስጠርታ እኔ ባለሁበት አነጋገረቻቸው፣ አስተማሪው ይቅርታ ጠየቀ። እንደዚህ አይነት ነገር የትም ሊፈጠር ይችላል፣ እኔ የማየው ከተፈጠረ በኋላ ምን እንደሚደረግ ነው፣ እዛ ላይ ት/ቤቱን አምነዋለሁ።

እና ኮከቦቹ፦ ታችኛዎቹ ክፍሎች፣ በተለይ ንባቡ፣ ያለምንም ማመንታት 5። ዳይሬክተሯ 4 ተኩል። 4ኛ ክፍልና ከዛ በላይ እንደደረሳችሁ አስተማሪ ነው፣ ከ2 እስከ 4። ሽንት ቤቱ 1። ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ 3 ተኩል ማለት ራሱ ትንሽ ያስቸግራል ግን አንድ ቁጥር ስጪ ከተባልኩ እሱ ነው።

ልጅ ለማስገባት የምታስቡ፣ የወላጆች ቀን ወይ የበአል ዝግጅት ቀን አትሂዱ፣ ያን ቀን ሁሉም ያምራል። ተራ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ፣ ሰልፉ አልቆ ክፍል ከገቡ በኋላ ሂዱ፣ ጥበቃው ጋ ልጅ ላስመዘግብ ነው በሉት ያስገባችኋል፣ ከዛ በኮሪደሩ ቀስ ብላችሁ አልፉና ስንቱ ክፍል ውስጥ አስተማሪ እንዳለ እዩ። የምታስገቡት ልጅ ንባብ የከበደው ከሆነ ለዳይሬክተሯ በግልፅ ንገሯት፣ አትፈሩ፣ ወደ ክበቡ የሚገቡት መጀመሪያ ላይ ተለይተው ነው፣ መሃል ላይ ቦታ ያጥራል። እና የሴት ልጅ ወላጅ ከሆናችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የመቀርቀሪያውን ነገር እናንተም አንሱልን፣ ሶስት ሆነን ያላመጣነውን አስር ብንሆን ያመጡታል፣ በሩ ሲዘጋ ያን ቀን እዚህ ተመልሼ ኮከቡን እጨምራለሁ።